በእጄ ያለፉ አራት የሕፃናት ስሜትና ባህርይ መጠይቆች

አንድ ብቻ ምረጪ ብባል፣ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ልጆች «ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ፦ ሶሻል ኢሞሽናል» የተባለውን መጠይቅ፣ ሁለተኛውን እትም፣ እመርጣለሁ። አራት ዓመት ላለፋቸው ኤስ ዲ ኪው (የጥንካሬና የችግር መጠይቅ) ይበቃል። ገንዘብም ጊዜም ለጠበበው ክሊኒክ ፒ ፒ ኤስ ሲን (ለትንንሽ ልጆች የተዘጋጀ የምልክቶች ዝርዝር) እመክራለሁ። አራተኛው፣ ሲ ቢ ሲ ኤል (የልጆች ባህርይ ዝርዝር)፣ ጥልቅ መሣሪያ ነው፤ ለመጀመሪያ ልየታ፣ ማለትም የትኛው ልጅ በቅርብ መታየት እንዳለበት ለመለየት፣ ግን ይከብዳል። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ከዚህ በታች በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ምክንያቶቹን ካላወቁ ምርጫው ብቻውን ብዙ አይጠቅምምና። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራዬ የሕፃናት እድገት ክትትል ነው። ወላጆች መጠይቁን ሲሞሉ አጠገባቸው የምቀመጠው፣ ነጥቡን የምደምረው፣ ውጤቱንም የምነግራቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ እነዚህን ወረቀቶች በሁለት በኩል አውቃቸዋለሁ፤ አዘጋጆቹ በመመሪያቸው ላይ ባተሙት ቁጥር፣ ደግሞም እስክሪብቶ ይዛ በምታመነታ እናት ፊት ላይ። በመመሪያዎቹ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደጋግመው ይነሳሉ፤ አስተማማኝነትና ተገቢነት። አስተማማኝነት፣ ያው ሰው ያንኑ ልጅ ከጥቂት ቀን በኋላ ቢገልጸው ተቀራራቢ ነጥብ ይመጣል ወይ የሚል ጥያቄ ነው። ተገቢነት ደግሞ ነጥቡ ልናደርገው ላሰብነው ነገር ይሆናል ወይ ይላል። አንድ መጠይቅ በጣም አስተማማኝ ሆኖ ያልታሰበውን ነገር ሊለካ ይችላል። የእናትየውን ድካም በየሳምንቱ ሳያዛንፍ እየለካ የልጁ ችግር ነው ብሎ ሊነግረን ይችላል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼኛው ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኤጅስን ያዘጋጁት ጄን ስኳየርስ፣ ዳያን ብሪከርና ኤልዛቤት ቱምብሊ ናቸው። የመጀመሪያው እትም በ2002፣ ሁለተኛው በ2015 ወጣ። ከ1 ወር እስከ 72 ወር ያሉ ልጆችን በዘጠኝ የተለያዩ ቅጾች ይሸፍናል፤ የሁለት ወር ሕፃንና የአምስት ዓመት ልጅ ስለ አንድ ዓይነት ነገር አይጠየቅላቸውም። ስሜትን መግራት፣ መታዘዝ፣ መግባባት፣ እንደ መብላትና መተኛት ያሉ የዕለት ተዕለት ነገሮች፣ በራስ መንቀሳቀስ፣ ስሜትን መግለጽ፣ ከሰው ጋር መቀራረብ፤ እነዚህን ሰባት ዘርፎች ይነካል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልስ አለ፤ ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ከስንት አንዴ ወይም በጭራሽ። ነጥቡ 0፣ 5 ወይም 10 ሲሆን ድምሩ ከፍ ባለ ቁጥር ስጋቱ ይጨምራል። ይህን ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ልማድ ብዙ ነጥብ ማለት ጥሩ ውጤት ማለት ነውና፣ ከፍ ያለውን ድምር አይቶ ደስ ያለው አባት አጋጥሞኛል።

ይህን መጠይቅ ከሌሎቹ ያስመረጠኝ ከመልሶቹ ጎን ያለች ትንሽ ክብ ናት። ወላጁ ነገሩ የሚያሳስበው ከሆነ እዚያ ምልክት ያደርጋል፤ 5 ነጥብ ይጨመራል። የአንድ ዓመት ተኩል ልጇን ይዛ የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ድምሩ ከመለያው ነጥብ፣ ልጁ ይታይ ከሚባልበት ድንበር፣ በብዙ ያንስ ነበር። እንቅልፍን በሚመለከተው ጥያቄ ላይ ግን «አንዳንዴ» ብላ መልሳ፣ ክቧን ደግማ ደጋግማ አጥቁራታለች። ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ልጁ ሌሊት ሲባንን የሚያረጋጉት አያቱ ብቻ እንደሆኑ፣ አያቱ ደግሞ ተሰናብተው ሊሄዱ መሆኑን ነገረችኝ። ድምሩ ደህና ነው ብሎ አሳልፎት ነበር። ያቺ ክብ ባትኖር ሁለታችንም ተመሰጋግነን እንለያይ ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። አዘጋጆቹ ባሳተሙት መሠረት ሁለተኛው እትም ችግር ካለባቸው 100 ልጆች 81ዱን ይለያል፤ ችግር ከሌለባቸው 100 ልጆች ደግሞ 84ቱን በትክክል ያሳልፋል። ሲሰሙት ደስ ይላል። እስቲ ወረቀት አውጥታችሁ አብረን እናስላ። ለ1000 ልጆች መጠይቁ ተሞላ እንበል፤ ከነሱ 100ው እውነተኛ ችግር ይኑራቸው። መጠይቁ 81ዱን ያገኛል፣ 19ኙ ያመልጡታል። ከቀሩት ደህና 900 ልጆች 16 በመቶው፣ ማለትም 144ቱ፣ ያለ ምክንያት ከመለያው ነጥብ በላይ ይወጣሉ። ስለዚህ «ይታይ» ተብለው ወደ እኔ ጠረጴዛ ከሚመጡት 225 ልጆች እውነተኛ ችግር ያለባቸው 81ዱ ብቻ ናቸው፤ ከሲሶው ትንሽ ቢበልጡ ነው። ከመለያው በታች የሆኑት 775 ሲሆኑ ከነሱ ውስጥ ችግር ያለባቸው 19 ናቸው። መጠይቁ «ደህና ነው» ሲል ብዙውን ጊዜ ይታመናል፤ «ያሰጋል» ሲል ግን ገና ጥያቄ ነው። ችግሩ በበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከ1000ው 300ው ችግር ባለባቸው ልጆች መካከል፣ ያው መጠይቅ 243 በትክክል ያገኝና 112 በስህተት ይጨምራል፤ ያን ጊዜ «ይታይ» ከሚባሉት ከሁለት ሦስተኛው በላይ እውነተኛ ችግር ያለባቸው ይሆናሉ። አንዲት ጥያቄ እንኳ አልተቀየረችም። ስለዚህ ለአጠቃላይ ክትትል የምትጠቀሙበት ከሆነ የማስፈራሪያ ወረቀት አታድርጉት። እኔ ለወላጅ የምለው «ይህ ውጤት ደግመን ቁጭ ብለን እንነጋገር ይላል» ነው። «ልጅዎ ችግር አለበት» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም።

የመጀመሪያውን እትም የሚያውቁ ሰዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውላሉ። የ2002ቱ እትም ቁጥሮች 78 እና 95 ነበሩ። በዚያ ስሌት ከ1000 ልጆች 78 ያገኝና 45 ብቻ በስህተት ይጠራ ነበር። ሁለቱ እትሞች የተፈተኑባቸው ልጆች አንድ ስላልሆኑ ልዩነቱ ሁሉ ከጥያቄዎቹ መጣ ለማለት አይቻልም። አዲሱ ደግሞ «በክትትል ይቆይ» የሚል መካከለኛ ደረጃ አለው፤ በሥራዬ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፣ ነገርን ሁሉ አዎ ወይም አይደለም ከማለት ያድነኛል። ቢሆንም አዲስ እትም ሁሉ በሁሉም በኩል የተሻለ ነው ብሎ ለሚገዛ ሰው ይህን ንጽጽር አሳዩት።

በኤጅስ ላይ ያለኝ ዋና ቅሬታ ሌላ ነው። መጠይቁ ትክክል መሆኑ የተመዘነባቸውን መሣሪያዎች ስታዩ ሲ ቢ ሲ ኤልና የቫይንላንድ የሕፃናት መለኪያ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም መልሳቸውን የሚያገኙት በዋናነት ከወላጅ ነው። አንዲት እናት ልጇን በአንድ ወረቀት ላይ «አስቸጋሪ» ብላ በሌላው ወረቀት ላይም «አስቸጋሪ» ብትል፣ ወረቀቶቹ መስማማታቸው የሚነግረን እናትየው በቃሏ መጽናቷን ነው። ልጁን በዓይኑ ያየ፣ ሲጫወት የተመለከተ፣ በራሱ የመረመረ ሌላ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ከዚህ ይለያል። ይህ ድክመት የኤጅስ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቹ የዚህ ዘርፍ መጠይቆች እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። መመሪያ ስታነቡ «ከምን ጋር ተነጻጽሮ?» የምትለዋን ጥያቄ አትርሱ።

ሌላው በመቶኛ የሚጻፈው የመደጋገም ስምምነት ነው። ኤጅስ ላይ 89 በመቶ ተብሏል፤ ወላጆች በአጭር ጊዜ ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሞሉ 89 በመቶው ልጆች በያዙት ምድብ ጸንተዋል ማለት ነው። ጥሩ ነው። ግን በየጊዜው 20 በመቶ ልጆች ብቻ ከመለያው በላይ የሚወጡ ከሆነ፣ ሰዎች ዝም ብለው በዕጣ ቢሞሉት እንኳ 68 በመቶ ይስማማሉ፤ ብዙኃኑ ደህና ተብለው ስለሚያልፉ። በ68 እና በ100 መካከል ካለው 32 ውስጥ መጠይቁ በራሱ ብቃት ያመጣው 21 ነው፤ ሁለት ሦስተኛ ያህል። ይህን በዕጣ የሚገኝ ስምምነት ቀንሶ የማስላት ዘዴ ጄኮብ ኮኸን በ1960 አሳትሞታል፣ ካፓ ይባላል። ካፓውን ያልጻፈ፣ መቶኛውን ብቻ ያገነነ የሽያጭ ወረቀት ስታዩ ቆም በሉ።

ወደ ኤስ ዲ ኪው ልለፍ። እንግሊዛዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጉድማን በ1997 ያወጣው ነው። 25 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ፤ በአምስት ክፍል አምስት አምስት ሆነው ተመድበዋል። ስሜት፣ ጠባይ፣ መቅበጥበጥና ትኩረት ማጣት፣ ከእኩዮች ጋር መግባባት፣ አምስተኛው ደግሞ ለሰው ማሰብና መርዳት። የመጨረሻው ድምሩ ውስጥ አይገባም፤ ከቀሩት አራቱ 0 እስከ 40 ይገኛል። በወላጅ በሚሞላው ቅጽ የተለመደው አከፋፈል እስከ 13 ደህና፣ ከ14 እስከ 16 ድንበር ላይ፣ ከ17 ጀምሮ ከፍተኛ ነው። ከ80 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ይገኛል፣ ወረቀቱን ለትርፍ ላልሆነ ሥራ መጠቀም ነጻ ነው። የምወደው ስለ ልጁ መልካም ነገርም ስለሚጠይቅ ነው። ልጁ ሰው ሲጎዳ ይረዳል ወይ፣ ያለውን ያካፍላል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ትከሻው ተኮማትሮ የገባ አባት ቀና ይላል። እንዲያ ቀና ብሎ የሚመልስ ሰው ለቀሩት ጥያቄዎችም የበለጠ እውነቱን ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት የተለየ ቅጽ አለው፣ እሱም በጥንቃቄ የታሰበበት ነው። ስለ ስርቆትና ስለ ውሸት የሚጠይቁት ወጥተው ለዕድሜው በሚሆኑ ተተክተዋል። የሦስት ዓመት ልጅ «ሰረቀ» አይባልማ! ችግሩ ቁጥሮቹ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የ2001ዱ የጉድማን ጥናት ከ10,000 በላይ በሆኑ የብሪታንያ ልጆች ላይ የተሠራ ሲሆን ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ነበር። የጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዝ (ከፍተኛው 1 ነው) በአማካይ 0.73፣ ከ4 እስከ 6 ወር በኋላ ሲደገም 0.62 ሆኗል። መልካም ቁጥሮች ናቸው፤ ግን የሦስት ዓመት ልጅ በዚያ ጥናት ውስጥ አልነበረም። ለትልልቆቹ የተመሰከረውን ለትንንሾቹ አውርሶ መጥቀስ በጣም የተለመደ ስለሆነ፣ ሰው ቁጥር ሲጠቅስልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የልጆቹን ዕድሜ ነው። ሌላም አለ። የጥያቄዎችን መያያዝ የሚለካው የክሮንባክ አልፋ፣ ከ1951 ጀምሮ የሚሠራበት፣ የጥያቄው ቁጥር ሲያንስ ይወርዳል። አምስት ጥያቄ ብቻ ባለው ክፍል፣ በተለይ እኩዮችን በሚመለከተው፣ ዝቅ ብሎ መገኘቱ አያስደንቅም። በተቃራኒው አንዱን ጥያቄ በሦስት መልክ ደጋግሞ መጠየቅ አልፋውን ያስወነጭፈዋል፤ ስለ ልጁ ግን አዲስ ነገር አንማርም። ስለዚህ በኤስ ዲ ኪው ጠቅላላ ድምሩን እከተላለሁ፤ በአንድ ክፍል ነጥብ ብቻ ተነስቼ ለወላጅ ምንም አልናገርም።

ፒ ፒ ኤስ ሲ አጭር ነው። ከ18 እስከ 65 ወር ላሉ ልጆች 18 ጥያቄ፤ ከዚያ በታች ላሉት 12 ጥያቄ ያለው ታናሽ ወንድም አለው። በአሜሪካው ተፍትስ የሕክምና ማዕከል ከተዘጋጀው ነጻ የክትትል ጥቅል ውስጥ የሚገኝ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 0፣ 1 ወይም 2፤ ድምሩ 9 ከደረሰ ልጁ ይታያል። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ጥሩ አድርጎ ያሰበው ነገር ስለ ወላጁ ኑሮም መጠየቁ ነው። ልጁን ማጽናናት ይከብድዎታል ወይ፣ ከቤት ይዞ መውጣት ያስቸግርዎታል ወይ ይላል። ጥቅሉ ስለ ወላጅ ድብርት፣ ቤት ውስጥ ስላለ ጠብ፣ ስለ ምግብ እጥረትም ለብቻው ይጠይቃል። ጉድለቱ 18ቱም ጥያቄዎች ስለ ችግር ብቻ መሆናቸው ነው። ሲያልቅ ወላጁ ከስሶ የተነሳ ሰው ይመስላል። እሱን ስጠቀም መጨረሻ ላይ ልጁ ምን እንደሚያስደስተው በቃል እጠይቃለሁ።

ስለ ሲ ቢ ሲ ኤል ብዙ አልልም። ቶማስ አኸንባክና ሌስሊ ሬስኮርላ በ2000 ያሳተሙት የሕፃናቱ ቅጽ መቶ ያህል ጥያቄዎች አሉት። በልየታ ለተገኘ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ሕፃን ታቅፎ በተራ ለሚጠብቅ ሰው ማስሞላት ግን ግፍ ነው፤ ከመሐሉ ጀምሮ ሰው ሳያነብ ይመልሳል።

የእናትየውን ድካም እንዳልረሳው። የተደበረ ወላጅ ልጁን ከሌላው ሰው ይልቅ አክፍቶ ሊያይ እንደሚችል በጥናት ሲመረመር ቆይቷል። ግን ወላጁ ሲደበር ልጁም በእውነት ይጎዳል፤ ከፍ ያለው ነጥብ የትኛው እንደሆነ ከድምሩ ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ወላጁ እንዴት እንዳለ ሳልጠይቅ ውጤት አልናገርም። ቅጹ ላይ ባይኖርም እጠይቃለሁ።

አባትና እናት ለየብቻ ሲሞሉ የሚመጣው ልዩነት ባለሙያውን ጭምር ያደናግረዋል። በ1987 አኸንባክና ባልደረቦቹ 119 ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ፣ እንደ እናትና አባት ልጁን በተመሳሳይ ቦታ የሚያዩ ሰዎች የሰጡት ነጥብ መዛመድ (እዚህም ከፍተኛው 1 ነው) በአማካይ 0.60፣ እንደ ወላጅና መምህር በተለያየ ቦታ የሚያዩት ደግሞ 0.28 ሆኖ አገኙት። ይህን ቁጥር ይዘው መጠይቅ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ። አልስማማም። የሕፃናት መዋያው ውስጥ ጥግ ይዛ የምትውል፣ ቤት ስትደርስ ግን ዕቃ የምትወረውር የአራት ዓመት ልጅ ነበረችን። የእናቷ ነጥብ ከፍተኛ፣ የተንከባካቢዋ ዝቅተኛ ሆነ። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ቀኑን ሙሉ ጩኸቱን ታግሣ የያዘችው ነገር ቤት በር ላይ እንደሚፈነዳ የተረዳነው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን ነው፤ ከዚያ በኋላ ጸጥ ያለ የማረፊያ ሰዓት ሰጠናት። አማካዩን ወስደን ቢሆን ልጅቷ «መካከለኛ» ተብላ ትቀር ነበር።

ስለ መተግበሪያዎችም ልበል። ስሙን የማልጠራው አንድ የስልክ መተግበሪያ ወላጁ እንደጨረሰ ስክሪኑን ቀይ ወይም አረንጓዴ ያደርገዋል። ጥያቄዎቹ ከየት እንደመጡ፣ በእነማን ልጆች እንደተፈተኑ፣ የመለያ ነጥቡ እንዴት እንደተወሰነ የትም አልተጻፈም። የትርጉም ቅጂዎችም ላይ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥያቄ ወደ ሌላ ቋንቋ በጥሩ ሁኔታ ሊመለስ ይችላል፤ የመለያ ነጥቡ ግን በአዲሶቹ ልጆች ላይ እንደገና ካልተፈተነ የሰው ሀገር ልጆች ነጥብ ነው። ልጅ የአዋቂን ዓይን እያየ ይናገራል ወይ የሚለው ጥያቄ አንዱ ቤት እድገትን፣ ሌላው ቤት ድፍረትን ይለካል።

ባለፈው አንድ መዋዕለ ሕፃናት አዲስ የሚቀበላቸውን ልጆች ለመምረጥ የልየታ ነጥባቸውን እንድልክለት ጠየቀኝ። ከላይ ያሰላነውን ስሌት ጽፌ ላክሁላቸው፤ ከመለያው በላይ ከሆኑት 225 ልጆች 144ቱ ምንም እንደሌለባቸው፣ ለመቀበልና ላለመቀበል የተፈተነ መጠይቅ ደግሞ ከአራቱ አንዱም እንዳልሆነ። ነጥቡን አልሰጠሁም። በምትኩ የትኞቹ ልጆች ጫጫታ እንደሚረብሻቸው፣ የትኞቹ ሲለያዩ ረዘም ያለ ስንብት እንደሚፈልጉ ወላጆቹ ፈቅደው በራሳቸው ቃል የጻፉትን ሰጠኋቸው፤ የክፍሉ ተንከባካቢዎች እስካሁን የሚጠቀሙት እሱን ነው።